ምዕራፍ 6፦ ዛጎል የታሰረባት ልጃገረድ

በምዕራብ አፍሪካ በዮሩባ ሕዝብ ዘንድ፣ የቀኑ ሥራ ተፈጽሞ ጨረቃ ከወጣች በኋላ ሕፃናት በአንድ አዛውንት ዙሪያ ሲሰበሰቡ፣ ተረት ነጋሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሎ ኦ!» ይላል፤ ሕፃናቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አሎ!» ብለው ይቀበሉታል። እኛ «ተረት ተረት» ሲሉን «የላም በረት» ብለን ካልመለስን ተረቱ እንደማይጀመር ሁሉ፣ እዚያም ያለ ተቀባይ ድምፅ ተረት አይከፈትም። በዚህ አኳኋን ሲነገሩ ከኖሩት ተረቶች መካከል አንደኛውን፣ ለዚህ ምዕራፍ መክፈቻ ይሆነን ዘንድ፣ ባጭሩ እናውሳው።

አባቷ የመረጠላትን ባል ሁሉ እምቢ ያለች አንዲት ልጃገረድ ነበረች። ከዕለታት አንድ ቀን ገበያ ውላ ሳለ፣ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ነቀፋ የማይገኝበት፣ ቁመናው የተስተካከለ፣ ልብሱም ያማረ አንድ ጎልማሳ አየችና፣ ማን እንደ ሆነ ከየትም እንደ መጣ ሳትጠይቅ፣ ገበያው ሲበተን ከኋላው ተከተለችው። «ተመለሺ» ቢላት አልሰማችውም። ጥቅጥቅ ካለው ዱር በገቡ ጊዜ ግን ጎልማሳው አንድ ስፍራ ላይ ቆመና ሁለቱን እግሮቹን ነቅሎ ለባለቤታቸው አስረክቦ የኪራዩን ሒሳብ ከፈለ፤ ጥቂት እልፍ ብሎም ወገቡንና ደረቱን፣ ከዚያም ክንዶቹን፣ በመጨረሻም አንገቱንና የፊቱን ቆዳ ለየአከራዮቻቸው መለሰ። የቀረው አንድ ባዶ የራስ ቅል ነበር። እርሱም እንደ ድንጋይ እየተንከባለለ ልጂቱን አሳድዶ ያዛትና፣ ወደ ጕድጓዱ አግብቶ በአንገቷ ላይ አንድ ዛጎል አሰረባት። ልትሸሽ በሞከረች ቍጥር ዛጎሉ ይጮኻል፤ ከዚህም የከፋው፣ እርሱ ከታሰረባት ጊዜ ጀምሮ አንደበቷ ተይዞ አንዲት ቃል መናገር ተሳናት።

ይህን ተረት ከዮሩባ ምድር ውጭ ያሰማው አሞስ ቱቱዎላ ነው። በ1920 (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአቤኦኩታ ከተማ ተወልዶ ጥቂት ዓመታት ብቻ የተማረው ይህ ሰው፣ በሌጎስ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆኖ ሲያገለግል፣ የሞተበትን የዘምባባ ጠጅ ቀጂ ፍለጋ ወደ ሙታን አገር ስለሚጓዝ ሰካራም አንድ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ጽፎ በ1952 ለንደን ላይ ታተመለት። የዌልሱ ባለቅኔ ዲላን ቶማስ መጽሐፉን ሲያደንቅ፣ ከተማሩት የሀገሩ ልጆች ብዙዎቹ ግን «ሰዋስው የማያውቅ ሰው አሳፈረን» ብለው ተቈጡ። እኛ ግን የደራሲውን ክርክር ለሌላ ጊዜ አቆይተን፣ ከተረቱ ሁለት ነገሮችን ብቻ በኅሊናችን እንያዝ፤ እነርሱም በኪራይ የተሠራው ገላና አንደበት የያዘው ዛጎል ናቸው። ምክንያቱም አሁን ወደምንመረምረው መጽሐፍ ለመግባት ከእነዚህ የተሻለ በር አላገኘሁም።

መጽሐፉ «የደምና የአጥንት ልጆች» የሚል ስም የተሰጠው፣ ለአፍላ ወጣቶች የተጻፈ ምናባዊ ልብ ወለድ ነው። ደራሲዋ ቶሚ አዴየሚ ከናይጄሪያ ወደ አሜሪካ ከተሰደዱ ወላጆች በ1993 የተወለደች ስትሆን፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተምራ በ24 ዓመቷ፣ በ2018 በማርች ወር፣ ይህን የመጀመሪያ ሥራዋን አሳተመች። መጽሐፉ ገበያ ላይ በዋለ ሰሞን በኒውዮርክ ታይምስ የወጣቶች መጻሕፍት ዝርዝር የመጀመሪያውን ተርታ ያዘ፤ ሁለተኛው ቅጽ በ2019፣ ሦስተኛውና የመጨረሻው ደግሞ በ2024 ተከተሉት።

ታሪኩ የሚፈጸመው ኦሪሻ በተባለች ግዛት ነው። ዮሩባ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ስም ራሱ ገና ከመነሻው ምሥጢሩን ይገልጥለታል፤ ኦሪሻ ማለት በዚያ ቋንቋ አምላክ፣ መንፈስ፣ የሚመለክ ኃይል ማለት ነውና። በዚህች ግዛት በቀድሞ ዘመን አሥር ነገዶች ነበሩ፤ እያንዳንዱም ነገድ ከአንድ አምላክ በተሰጠው ጸጋ ውሃን፣ እሳትን፣ ነፋስን፣ ብረትን ወይም ሌላውን የተፈጥሮ ኃይል ያዝዝ ነበር። ንጉሥ ሳራን ግን ይህን ኃይል ፈርቶና ጠልቶ፣ ኃይሉ በድንገት ከምድር በጠፋበት ወቅት ጭፍሮቹን አሰማርቶ ባለጸጋዎቹን አስፈጀ። የታሪኩ ባለቤት ዜሊ እናቷ የተገደለችው በዚያን ጊዜ ነው። አሁን አሥራ አንድ ዓመት አልፏል፤ ዜሊም አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቷታል። እንደ እርስዋ ያሉት የባለጸጋ ልጆች ከነጭ ጠጉራቸው የተነሣ ከሩቅ ይታወቃሉ፤ ግብሩ በየጊዜው ይጨመርባቸዋል፤ መክፈል ያቃተው ለጕልበት ሥራ ይጋዛል፤ መንገድ ላይም በትል ስም ይሰደባሉ።

ከመጽሐፉ ትዕይንቶች አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። የንጉሡ ሴት ልጅ አማሪ፣ በቤተ መንግሥት ውስጥ ከልቧ የምትወዳት ጓደኛዋ አንዲት አገልጋይ ብቻ ነበረች፤ ስሟም ቢንታ ይባላል፤ ጠጉሯ ነጭ ነው። አንድ ቀን ንጉሡ ቢንታን ወደ ፊቱ አስጠርቶ፣ ከጥንት የተገኘ ጥቅል ብራና እንድትነካ ያስገድዳታል። ልጂቱ ብራናውን በነካችው ጊዜ ከእጆቿ ኅብረ ቀለም ያለው ብርሃን ይፈነጥቃል፤ በሕይወቷ ሙሉ ጐንበስ ብላ ስታገለግል የኖረችው ይህች ልጅ፣ በውስጧ ምን ያህል ውበት ተዳፍኖ እንደ ነበር ለአንድ አፍታ ታያለች። ንጉሡም ያንኑ አይቶ በሰይፉ ይወጋታል። አማሪ ይህን ሁሉ ተደብቃ ትመለከት ነበርና፣ ብራናውን ሰርቃ ከአባቷ ቤት ትኰበልላለች። በሌጎስ ገበያም፣ ለቤተ ሰቧ ግብር መክፈያ የሚሆን ዓሣ ሸጣ ልትመለስ የተነሣችውን ዜሊን እጇን ይዛ «አድኚኝ» ትላታለች። የቀረው ታሪክ ከዚህ መገናኘት የሚፈልቅ ነው።

እንግዲህ የተረቱን ጎልማሳ እናስታውስና፣ ይህ መጽሐፍ ከሌላ የተከራያቸውን ብልቶች በየተራ ለባለቤቶቻቸው እንመልስ። ጀግኖቹ ሦስት የተቀደሱ ዕቃዎችን፣ ማለት ብራናውን፣ የፀሐዩን ድንጋይና የአጥንቱን ጩቤ፣ ቀኑ ከሌሊቱ እጅግ በሚረዝምበት ዕለት በአንዲት ደሴት ላይ ማሰባሰብ አለባቸው፤ ይህ በቀነ ቀጠሮ የታጠረ የዕቃ ፍለጋ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የምናብ ልብ ወለድ መደርደሪያ የመጣ ነው። ዜሊንና የሚያሳድዳትን አልጋ ወራሽ ኢናንን የሚያስተሳስረው የባላንጣዎች ፍቅርም ከዚያው መደርደሪያ ነው። ምዕራፎቹ በዜሊ፣ በአማሪና በኢናን አንደበት እየተፈራረቁ መተረካቸው የዘመኑ የወጣቶች መጻሕፍት ልማድ ነው። ደራሲዋም ከሃሪ ፖተር መጻሕፍትና አቫታር ከተባለው የሥዕል ፊልም ብዙ መማሯን አልደበቀችም። ከቍጣውም የሚበዛው የአሜሪካ ቍጣ ነው፤ መጽሐፉን ስትጽፍ ጥቁር ወጣቶች በፖሊስ ጥይት የሚሞቱበት ዜና በየጊዜው ይሰማ እንደ ነበረና፣ ፍርሀቷንም ኀዘኗንም ወደዚህ ታሪክ እንዳፈሰሰች በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ራስዋ ገልጻዋለች።

ይህ ሁሉ ተመልሶ ኪራዩ ከተከፈለ በኋላ ምን ይቀራል? አንዳንድ ሐያስያን «ምንም» ሊሉ ይችሉ ይሆናል። እኔ ግን የራስ ቅሉ ይቀራል እላለሁ። በዮሩባ ሃይማኖት ራስ፣ በቋንቋቸው ኦሪ የሚባለው፣ ሰው ከመወለዱ በፊት በሰማይ የሚመርጠው ዕጣውና ክፍሉ ነው፤ ከገላ ሁሉ በኪራይ የማይገኘው እርሱ ብቻ ነው። የዚህም መጽሐፍ ራስ የሚነገረው ቃል ነው።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። በመጽሐፉ ውስጥ የዜሊ ነገድ ኢኩ ይባላል፤ የባሕር ሰዎቹ ኦሚ፣ የእሳቶቹ ኢና፣ የነፋሶቹ አፌፌ ይባላሉ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ወጣት እነዚህን ቃላት ደራሲዋ ለጌጥ የፈጠረቻቸው ስሞች ይመስሉታል። የዮሩባ ተናጋሪ ግን ኢኩ ሞት፣ ኦሚ ውሃ፣ ኢና እሳት፣ አፌፌ ነፋስ መሆናቸውን ያውቃል፤ ከእናቱ ጋር ውሃ ቀድቶ እሳት ያነደደባቸው የዘወትር ቃላት ናቸው። ልጃገረዶቹን የዱላ ውጊያ የምታስተምረው እማማ አግባም ስሟ «ሽማግሊቱ» እንደ ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ግን፣ ባለጸጋው ኃይሉን የሚያንቀሳቅሰው በቃለ ጥሪ ነው፤ ጥሪውም የሚደረገው በዮሩባ ነው። የዜሊ እናት ሙታንን የጠራችበት ያ ልሳን፣ ንጉሡ በሚገዛት ኦሪሻ ሲነገር የሚያስፈራ ሆኗል፤ ልጂቱም ከእናቷ አፍ በሕፃንነቷ የሰማችውን ፍርፋሪ ይዛ ቀርታለች። ስለዚህ ንጉሥ ሳራን በሰይፍ የገደለው ሥጋን ሲሆን፣ አማልክቱን ያራቀው ግን የሚጠሩበትን ቋንቋ ከልጆች አፍ በመንጠቅ ነው።

ይህ ሐሳብ ከዮሩባ ትምህርት ጋር ይስማማል። በእነርሱ ዘንድ አሼ የሚባል ኃይል አለ፤ ከልዑሉ አምላክ ከኦሎዱማሬ የሚመነጭ፣ የተባለው ነገር እንዲሆን የሚያደርግ ሥልጣነ ቃል ነው። ካህኑ መርቆ ሲጨርስ ሕዝቡ «አሼ» ይላል፤ እኛ «አሜን፣ ይሁን ይደረግ» እንደምንለው ማለት ነው። ዜሊ የምትጠራት ኦያም በልብ ወለድ የተፈጠረች አይደለችም፤ የዐውሎ ነፋስና የመብረቅ እመቤት፣ ሙታንን የምታጅብ፣ የነጐድጓዱ ጌታ የሻንጎ ሚስት ናት። ታላቁ የኒጀር ወንዝ በዮሩባ ቋንቋ የሚጠራው በስሟ ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይህች አምላክ ከኒጀር ዳር ተነሥታ በአሜሪካ ወደ ተወለደች ልጅ የደረሰችው በየት በኩል ነው? በአባትና በእናት በኩል ነው እንዳንል፣ የደራሲዋ ወላጆች ቋንቋቸውን ለልጆቻቸው ላለማስተማር ወስነው ነበር። አባቷ በሀገሩ ሐኪም የነበረ ሲሆን፣ በስደት የሕክምና ፈቃዱን እስኪያገኝ ታክሲ ነዳ፤ እናቷም በጽዳት ሥራ ተቀጠረች። ልጆች በአዲሱ አገር ቋንቋ ቶሎ ይግቡ፣ በአነጋገራቸውም ማንም አይሳቅባቸው የሚለው የስደተኛ ወላጅ ስሌት ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በስቶክሆልም ልጁን በአማርኛ ሲጠራው በሌላ ልሳን የሚመልስለት አባት የዚህን ነገር ምረቱን ያውቀዋል።

መንገዱ እንግዲህ እጅግ የሚዞር ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መባቻ ታላቁ የኦዮ መንግሥት ተናጋ። የጦር አለቃው አፎንጃ በኢሎሪን ሸፈተ፤ ከተማዪቱም ኋላ የፉላኒ አሚሮች መቀመጫ ሆነች፤ እርስ በርስ በተነሣው ጦርነትም የተማረከው ሕዝብ እየተነዳ በባሕር ዳር ተሸጠ። (በልብ ወለዱ ውስጥ ኢሎሪን በውሃ ላይ የተሠራች፣ ኋላም በእሳት የምትጋይ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት፤ እውነተኛይቱ ኢሎሪን ግን ከባሕር ርቃ በመሀል አገር የምትገኝ ከተማ ናት።) ብራዚል ባርነትን እስከ ሻረችበት እስከ 1888 ድረስ ባሉት ዘመናት ከ4 ሚሊዮን በላይ አፍሪካውያን ወደዚያች አገር የተጋዙ ሲሆን፣ በባሪያ ንግዱ የመጨረሻ አሥርት ዓመታት ወደ ባሂያ ጠቅላይ ግዛት ከገቡት መካከል ዮሩባዎች እጅግ ብዙዎች ነበሩ። ሰውን ለመግዛት ከሚከፈሉት ገንዘቦች አንዱም፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ከማልዲቭ ደሴቶች በመርከብ እየተጫነ የሚመጣው ዛጎል ነበር። የተረቷ ልጃገረድ አንገት ላይ የታሰረውን ነገር ሳስብ ይህ ታሪክ ከፊቴ አይጠፋም፤ ሰዎች የተሸጡበት ያ ገንዘብ በተረቱ ውስጥ አንደበት መያዣ ሆኖ ተገኝቷልና።

ሆኖም ባሂያ የገቡት ሰዎች አንደበታቸው ፈጽሞ አልተያዘም። የጌቶቻቸው ሃይማኖት ካቶሊክ ስለ ነበር፣ አማልክታቸውን በቅዱሳን ስም ጥላ ሥር አኖሯቸው፤ ካንዶምብሌ የተባለው ሃይማኖት በዚህ መንገድ ቆመ። ኦያ በዚያ ኢያንሳ ትባላለች፤ ይኸውም «የዘጠኝ እናት» ከሚለው የዮሩባ ቅጽል የወጣ ስም ነው። ከቅድስት በርባራ ጋርም ተጣመረች፤ በእኛ ስንክሳር በታኅሣሥ 8 የምትታሰበው ይህች ሰማዕት፣ አንገቷን የቈረጠው አባቷ በመብረቅ እንደ ተመታ በገድሏ ይነገራልና፣ የመብረቋ እመቤት በእርስዋ ጥላ ብትጠለል አያስደንቅም። በሳልቫዶር ከተማ በየዓመቱ ዲሴምበር 4 ቀን ሕዝቡ ቀይና ነጭ ለብሶ በዓሏን ያከብራል። በዚያችው ከተማ ጎዳናዎች ነጭ ቀሚስ የለበሱ ሴቶች በዘምባባ ዘይት ምጣድ ፊት ተቀምጠው፣ ከተላጠና ከተፈጨ ጥራጥሬ ጋር ሽንኩርት መትተው ድብልብል እያደረጉ ይጠብሳሉ፤ ይህም የኢያንሳ ምግብ ነው። ስሙም አካራዤ ይባላል። በሌጎስ መንገዶች ላይ ጧት ጧት የሚሸጠው ተመሳሳይ ምግብ አካራ ሲባል፣ ዤ የሚለው ጭራ ደግሞ በዮሩባ «መብላት» የሚል ግስ ነው። የባሂያዪቱ ሴት ፖርቱጋልኛ እየተናገረች፣ ሸቀጧን በጠራች ቍጥር አያቶቿ የተዉላትን የዮሩባ ግስ ታሰማለች።

ቶሚ አዴየሚ ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላ የምዕራብ አፍሪካን አማልክትና ባህል ለማጥናት በተሰጣት የትምህርት ድጎማ የሄደችው ወደዚች ከተማ ነው። እዚያም በአንድ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ የኦሪሻዎቹን ሥዕል ተደርድሮ ማየቷን፣ ጥቁር ሆነው በቅድስና የተሣሉ አማልክትን አይታ እንደማታውቅ፣ የመጽሐፏም ሐሳብ ከዚያ እንደ ጸነሰ ተናግራለች። ወላጆቿ በዝምታ ያለፉትን፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በሰንሰለት የሄዱት ወገኖቻቸው በባዕድ አገር አቆይተው መለሱላት።

በሀገር ቤት የቀሩትም ቢሆኑ ልሳናቸውን ለመጻፍ ያገኙት መንገድ ቀጥታ አልነበረም። ሳሙኤል አጃዪ ክራውተር የተባለው የዮሩባ ልጅ በ1821 ተማርኮ ከተሸጠ በኋላ፣ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ነፃ አውጥቶት ሴራሊዮን ላይ ተማረ፤ በ1864 ጵጵስና ተቀበለ፤ በእርሱ መሪነት የተተረጐመው ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም በ1884 በዮሩባ ወጣ። በዚሁ ትርጕም ኤሹ የተባለው የመንታ መንገድ ጠባቂና የአማልክት መልእክተኛ የሰይጣን ስም ሆኖ ገባ፤ በዚህም ቋንቋው ከፍ ሲል አንዱ አምላኩ ወረደ። ኋላም መምህሩ ፋጉንዋ በ1938 የመጀመሪያውን ረጅም የዮሩባ ልብ ወለድ፣ አንድ አዳኝ በመናፍስት ዱር ያየውን የሚተርክበትን፣ በሚሲዮን ማተሚያ ቤት አሳተመ፤ ዎሌ ሾይንካም በ1968 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ፋጉንዋ በዮሩባ ለዮሩባዎች ጻፈ፤ ቱቱዎላ ዮሩባን በእንግሊዝኛ ልብስ አለበሰ፤ አዴየሚ ደግሞ እንግሊዝኛውን እንደ አፍ መፍቻ ይዛ፣ ዮሩባውን በቃለ ጥሪው ውስጥ እንደ ታቦት አስቀመጠችው።

በዚህ ላይ አንድ ነቀፌታ ሳልጠቅስ ባልፍ ለአንባቢ እውነቱን መደበቅ ይሆንብኛል። ዮሩባ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጕሙ የሚለወጥ ቋንቋ ነው። ኦኮ የሚለው ቃል ድምፁ እኩል ሲሄድ ባል፣ መጨረሻው ከፍ ሲል መቈፈሪያ፣ ዝቅ ሲል ጀልባ ይሆናል። እኛ «አለ» የሚለውን ቃል አላልተን «ተናገረ»፣ አጥብቀን «ይገኛል» እንደምናሰኘው ነው፤ ልዩነቱ ግን እኛ በፊደል ላይ አናሳየውም፣ እነርሱ ከፊደሉ በላይ ምልክት ያደርጉበታል። በዚህ መጽሐፍ የግዛቲቱ ስም ላይ የተደረገው ሁለት ነቍጥ ግን በዮሩባ የጽሕፈት ሥርዐት ውስጥ የድምፅ ምልክት አይደለም፤ ሌሎችም ስሞች ከፈረንሳይኛ የመጣ የሚመስል ጌጥ ተደርጎባቸዋል። የቋንቋው ባለቤት ይህን ሲያይ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። እኔ ግን በእነዚህ ያለ ቦታቸው በተቀመጡ ነቍጦች ውስጥ የመጽሐፉን ነገር ከሁሉ ይበልጥ ገልጦ የሚያሳይ ምስክር አገኛለሁ፤ ልሳኑን ከእናቷ አፍ ያልወረሰች ልጅ፣ የቃሉ ራስ ላይ አንድ ምልክት መኖር እንዳለበት አውቃ፣ የትኛው እንደ ሆነ ሳታውቅ እጇን ስትዘረጋ ይታየኛል።

የተረቷ ልጃገረድ ከራስ ቅሉ ጕድጓድ የዳነችው አንድ ጥበበኛ ተከትሎ ስላገኛት ነው፤ ነገር ግን ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰችም በኋላ ዛጎሉ አንገቷ ላይ ነበረ፣ አንደበቷም ገና አልተፈታም ነበር። ልሳኗ የተፈታው ቅጠል ተፈልጎ፣ ተቀቅሎ በበላች ጊዜ ነው። ከዱር መውጣት አንድ ነገር ሲሆን መናገር ደግሞ ሌላ ነው፤ ይህ መጽሐፍም ብዙ ልጆችን ከዱሩ አውጥቶ እስከ አባታቸው ደጃፍ አድርሷል። ከዚያ በኋላ ያለውን ብቻውን ሊፈጽመው አይችልም። በአንዱ የስደት ከተማ ከአንዲት የዮሩባ ልጅ ይህ መጽሐፍ ቢደርሳት፣ የዜሊን ቃለ ጥሪ ጮክ ብላ ለማንበብ ስትሞክር ከፍ ማለት የሚገባውን ዝቅ አድርጋ ታነበዋለች። በጓዳ ያለው አባቷ፣ ለሃያ ዓመት በዚህ ቋንቋ ያላነጋገራት ሰው፣ የሚያውቀውን ነገር ተሳስቶ ሲሰማ ዝም ማለት አይሆንለትምና፣ በሩ ላይ ቆሞ ቃሉን በትክክለኛው ድምፅ ይላታል። እርስዋም ትቀበለዋለች።